የጋሽ አይነካ ጆሮ

ትክክለኛ ስሙን ከመዝገብ ቤት ፋይል በስተቀር የሚያውቀው የለም። የቴክኒክ ኮሌጁ ተማሪም፣ መምህርም፣ ዘበኛም ጋሽ አይነካ ነው የሚለው። ስሙም ያለ ምክንያት አልወጣለትም። ምድር ቤት፣ ከኮሪደሩ ጫፍ ያለችውን የመለኪያ ክፍል በር ከፍቶ አንድ እግሩን ያስገባ ሰው፣ ገና ሁለተኛውን ሳያስከትል «አይነካ» የሚል ድምፅ ይቀበለዋል። ጠረጴዛው አይነካ፣ ሽቦው አይነካ፣ ወንበሩም ካለበት አይነካ። አንድ ጊዜ የኮሌጁ ዲን እንግዶች ይዞ ገብቶ ክርኑን ጠረጴዛው ላይ ሊያሳርፍ ሲል «አይነካ» ተብሎ፣ ክርኑ አየር ላይ እንደተንጠለጠለ ጉብኝቱን ጨርሶ ወጣ ይባላል። እውነት ይሁን የተማሪ ወሬ እንጃ፤ ብቻ ሰውየውን የሚያውቅ ሁሉ አምኖታል።

ክፉ ሰው ሆኖ እንዳይመስላችሁ። እንዲህ ያደረገው ሥራው ነው። ካፓሲተር የሚሉት ዕቃ አለ፤ ሁለት ብረቶች ሳይነካኩ ፊት ለፊት ተፋጥጠው በመካከላቸው ኤሌክትሪክ የሚይዙበት። ትልልቁን ማንም ይለካዋል። የጋሽ አይነካ ድርሻ ትንንሹ ነው። ሁለት ሳንቲሞች በሦስት ሚሊሜትር አራርቃችሁ ፊት ለፊት ብታቆሙ፣ በመካከላቸው የሚገኘው አንድ ፒኮፋራድ የሚባል ልክ ቢሆን ነው። እሱ ያችኑ አንድ ፒኮፋራድ አሥር ሺህ ቦታ ሸንሽኖ፣ ከሽርፍራፊዎቿ አንዷ ብትጎድል «ጎድላለች» የሚል ሰው ነው። እዚህ ሥራ ላይ የሰው እጅ ማለት ተራራ ማለት ነው። ጣት ጠጋ ሲል ቁጥሩ ይዘላል፤ ሽቦ ጎበጥ ሲል ይዘላል። ታዲያ «አይነካ» ባይል ምን ይበል?

የሚለካበት ዕቃ ብሪጅ ይባላል። ከእሱ ጋር እኩያ ነው ማለት ይቻላል። ግራጫ ቀለሙ ጥግ ጥጉ ላይ የተላጠ፣ ለማንሳት ሁለት ሰው የሚፈልግ፣ ፊቱ ላይ ስድስት ማዞሪያ የተደረደረበት የብረት ሳጥን ነው። አሠራሩ እንደ ሚዛን ነው፤ በአንድ ወገን የማይታወቀውን ካፓሲተር ታስራለህ፣ በሌላ ወገን የታወቀውን በማዞሪያዎቹ ትጨምራለህ፣ ትቀንሳለህ። ሁለቱ እኩል መሆናቸውን የሚነግርህ የጆሮ ማዳመጫው ነው። እኩል እስኪሆኑ ድረስ አንድ ቀጭን ፉጨት ይሰማል። ወደ እኩልነቱ ስትጠጋ ፉጨቱ ይሳሳል፣ ይሳሳል፣ ከዚያ እልም ብሎ ይጠፋል። ያን ጊዜ እጅህን ሰብስበህ ቁጥሩን ታነባለህ። ድሮ ለዓይን የሚሆን ጠቋሚ መርፌም ነበረው፤ ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ተበላሸ። እናሠራልህ ቢሉት ጋሽ አይነካ ወይ ፍንክች። ጆሮዬ እያለ መርፌ ምን ያደርግልኛል ብሎ ነገሩን ዘጋው።

ያን ጊዜ እውነትም ጆሮ ነበረው። ፎቅ ላይ ያለ የመታጠቢያ ቧንቧ ሲያንጠባጥብ ከምድር ቤት ሰምቶ የፅዳት ሠራተኛዋን ይልክ ነበር። ፉጨቱ የት ላይ እንደጠፋ በትክክል ለማይለዩ ተማሪዎች ደግሞ አንድ ዘዴ ያስተምራል። ወደ ግራ አዙር፣ ፉጨቱ ተመልሶ እስኪሰማህ፤ ቁጥሩን ጻፍ። ወደ ቀኝ አዙር፣ ተመልሶ እስኪሰማህ፤ ጻፍ። የሁለቱን መሃል ውሰድ። ዘዴው ደህና ዘዴ ነው። እሱ ግን «የሰነፍ ጆሮ ዘዴ» የሚል ስም አውጥቶለት፣ ለራሱ አንድ ቀን እንኳ ተጠቅሞበት አያውቅም።

ቤት ሲገባ ግን ሌላ ሰው ነው። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ የቤታቸውን የፊት ክፍል በመንገድ በኩል ከፍታ ሱቅ አድርጋዋለች። የስፌት መኪናዋ ድምፅ ለወጥ ሲል ብቻ ሰምታ «ይሄ መርፌ ሊሰበር ነው» የምትል ሴት ናት። ከተጋቡ ሃያ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ በሃያ ስምንቱም ዓመት ክሷ አንድ ነው። ይሄ ሰውዬ አይሰማኝም። የምድጃው ጋዝ ሲሊንደር አልቋል ትለዋለች፣ «እሺ» ይላል፣ ሲሊንደሩ ባዶውን ይቆማል። አክስቴ ልትመጣ ነው ትለዋለች፣ «እሺ» ይላል፣ አክስቷን በር ላይ ቆመው ሲያይ ይደነግጣል። ጎረቤት ሊያስታርቅ ሲሞክር የሚሰጠው መልስ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ነው፤ ቀኑን ሙሉ በጆሮዬ ስሠራ ውዬ ቤት ስገባ ጆሮዬም ይረፍ እንጂ ይላል። ሰው ይስቃል። እሷም ትስቃለች፣ ግን ከአንጀቷ አይደለም። ጆሮ ዳባ ልበስ ማለትን ሙያ አደረገው ትላለች።

ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ ነገሩ ባሰ። ቴሌቪዥኑን ከፍ ያደርጋል፣ ዝቅ ታደርጋለች፣ መልሶ ከፍ ያደርጋል። ሌላ ከተማ ያገባች ልጃቸው ስትደውል ሁለት ቃል ሳይለዋወጡ ኔትወርኩ አይረባም ብሎ ስልኩን ለእናቷ ያቀብላል። ለእናቷ ሲሆን ኔትወርኩ ይስተካከላል። ይህን ሁሉ ጋሽ አይነካ አያስተውለውም። ማን ያስተውላል እንዲህ ያለውን በራሱ ላይ?

እንግዲህ እንዲህ ባለ ሰው ላይ ነው ያ ደብዳቤ የመጣው። የመለኪያዎች መሥሪያ ቤት አንዲት የታሸገች ትንሽ ካፓሲተር፣ የክብሪት ሳጥን በምታህል የብረት ቤት ውስጥ አስገብቶ፣ በአራት ላቦራቶሪዎች ያዞራል። እያንዳንዱ ለክቶ ቁጥሩን በታሸገ ፖስታ ይልካል። እውነተኛውን ቁጥር የሚያውቀው መሥሪያ ቤቱ ብቻ ነው። ልዩነቱ ከፒኮፋራድ አሥር ሺህ ሽርፍራፊዎች ከአምስቱ ያልበለጠ ላቦራቶሪ ትንንሽ ካፓሲተር እየለካ የምስክር ወረቀት መስጠቱን ይቀጥላል። ከዚያ የበለጠ ፈቃዱን ያጣል።

የላቦራቶሪዎቹ ኃላፊ ወጣት ሴት ናት፤ የእሱው ተማሪ የነበረች፣ አሁን የእሱ አለቃ። ደብዳቤውን ራሷ ይዛለት ወረደች። የኮሌጁ አስተዳደር የመለኪያ ክፍሏን ለፎቶ ኮፒ ማሽኖች ከፈለጋት ሁለት ዓመት ሆኖታል። ፎቅ ላይ አዲስ ዲጂታል መለኪያ ስላለ ይህ አንድ ሐሙስ የቀረው ሣጥን ለምን ቦታ ይይዛል ነው ጥያቄያቸው። አዲሱ መለኪያ ከአንድ ፒኮፋራድ በታች ሲወርድ መጨረሻ ላይ ያሉት ቁጥሮቹ እንደሚጨፍሩ እሷ ታውቃለች፤ ግን ለአስተዳደር ይህን ማስረዳት ለድንጋይ መንገር ነው። ስለዚህ ቁርጡን ነገረችው። ቁጥራችን ካለፈ ክፍሏም ብሪጁም ባሉበት ይቆያሉ፤ ካላለፈ የምከራከርበት አፍ የለኝም፣ ብሪጁ ወደ አሮጌ ዕቃ ማከማቻ ይሄዳል አለችው። ጋሽ አይነካ ለጡረታ ሁለት ዓመት ቀርቶታል። ብሪጁ ከእኔ በፊት ጡረታ አይወጣም ብሎ ፎከረ። የተሰጠው አንድ ሳምንት ነበር፤ ፖስታው ዓርብ ቀትር ላይ መውጣት አለበት።

ሰኞ ጠዋት በሩን ቆልፎ ለካ። ፉጨቱ ሳሳ፣ ሳሳ፣ ጠፋ። ዜሮ ነጥብ አራት ዘጠኝ ስምንት ሰባት። ደረቱን ነፋ አድርጎ ሻይ ጠጥቶ ተመለሰና ለማረጋገጫ ደገመው። ፉጨቱ ጠፋ። ዜሮ ነጥብ አምስት ዜሮ አንድ አንድ። መነጽሩን ወልውሎ እንደገና አነበበ፤ ያው ነው። ሦስተኛ ለካ፣ ሌላ ቁጥር። አራተኛ ለካ፣ ሌላ ቁጥር። በየጊዜው ማዳመጫው ውስጥ ያለው ዝምታ ግን ፍጹም ነበር፤ እንዲያውም እንዲህ ጥርት ያለ ዝምታ ሰምቶ አያውቅም። ሠላሳ ዓመት ጥርሱን በነቀለበት ሥራ እንዲህ ያለ ጉድ ገጥሞት አያውቅም።

ከዚያ ወዲያ የሆነው ለሰሚ ግራ ነው። ማክሰኞ ጥፋቱ የፅዳት ሠራተኛዋ ሆነ፤ ኮሪደሩን ስትጠርግ ወለሉ ይንቀጠቀጣል ተብሎ መጥረጊያዋ እስከ ዓርብ ታገደ። ከሰዓት በኋላ ጥፋቱ የመብራቱ ሆነ፤ አምፖሉን አጥፍቶ በመስኮት ብርሃን ሠራ። ረቡዕ ጥፋቱ የስልክ ሆነ፤ የራሱን አጥፍቶ፣ በላይኛው ክፍል የሚያስተምረውን መምህር ስልክህን አጥፋ ብሎ ሙግት ገጠመ። ሽቦዎቹን በሙሉ ፈትቶ፣ ጫፋቸውን አጽድቶ፣ መልሶ አሰረ። መጋረጃውን አወረደ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ይባል የለ? ሐሙስ ጠዋት የቀረው ጥፋተኛ የገዛ አካሉ ብቻ ነበር። ሰዓቱን አወለቀ፣ ቀበቶውን ፈታ፣ ኪሱን አራግፎ ብረት የተባለውን ሁሉ መሳቢያ ውስጥ ከተተ። ሁለት የቁልፍ እስር ከኪሱ ሲወጣ አንዱ የማን እንደሆነ እንኳ አላሰበም።

ለካ። ሌላ ቁጥር።

ያን ጊዜ ፈራ። እስከዚያ ድረስ ተናዶ ነበር እንጂ አልፈራም ነበር። ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ ደብተሩን አገላበጠ። የሠላሳ ዓመት ደብተር ነው፤ በየገጹ አንዱን ዕቃ ሦስት ጊዜ ለክቶ ሦስት ጊዜ አንድ ዓይነት ቁጥር የጻፈበት። አሁን አሥራ አንድ ቁጥር፣ አሥራ አንዱም የተለያየ። ከመካከላቸው ደስ የሚለውን መርጦ መላክም ይቻላል፤ ማንም አያውቅበትም። ግን ያልለካውን ቁጥር ጽፎ አያውቅም፤ እጁም አልታዘዝ አለው። ብሪጁን ቀና ብሎ አየውና እንደ ሰው አዘነለት።

ሚስቱ የደረሰችው በዚህ መሃል ነው። ጠዋት ሲወጣ በመስኮት ብቅ ብላ የሱቁን ቁልፍ ይዘህብኝ እንዳትሄድ ብትለው «እሺ» ብሎ፣ እጁን አውለብልቦ፣ ቁልፉን ይዞት ሄዷል። ለሠርግ የሚሆን ሙሉ ልብስ ሊለካ የመጣ ደንበኛ የተዘጋ ሱቅ በር ላይ ቆሟል። ስድስት ጊዜ ደወለች፤ ስልኩ ዝግ ነው። ሰባተኛውን ትታ በእግሯ መጣች፤ መንገዱን ሙሉ የምትናገረውን እየደረደረች። በሃያ ስምንት ዓመት ውስጥ ያችን ክፍል ረግጣ አታውቅም። በሩን አንኳኳች፣ መልስ የለም። ጠንከር አድርጋ አንኳኳች፣ መልስ የለም። በተማሪዎቹ መልመጃ ክፍል በኩል ያለውን የጎን በር ገፋ ስታደርገው ተከፈተ።

የደረደረችውን ሁሉ ረሳችው። ሰውየው በአንድ እጁ ሱሪው እንዳይወልቅ ወገቡን ይዟል፣ በሌላው ማዞሪያ ያዞራል፣ ፀጉሩ ተንጨባርሯል፣ ጀርባው ጎብጧል። ጠራችው፣ አልዞረም። ትከሻውን ነካ ስታደርገው ከወንበሩ ዘሎ «አይነካ» አለ።

«እኔን ነው?» አለችው።

እሷ መሆኗን ሲያይ ውሃ ሆነ። ለማንም ያልተናገረውን ዘረገፈላት፤ ስለ ፖስታው፣ ስለ ፎቶ ኮፒው፣ ስለ አሥራ አንዱ ቁጥር። ፉጨቱ ድርግም ብሎ ይጠፋል፣ ቁጥሩ ግን እንደ ፌንጣ ይዘላል አላት። እሷ ስለ ማሽን የምታውቀው የስፌቷን ብቻ ነው፤ ግን ማሽን ሲበላሽ መጀመሪያ ምን እንደሚደረግ ታውቃለች። ማዳመጫውን ከአንገቱ ላይ አንስታ ከሻሿ በላይ ጆሮዋ ላይ ደፋችው። ዓይኗን ጨፍና ቆየች።

«ይሄ ፉጨት መቼ ነው የሚጠፋው?» አለች።

«ጠፍቷል እኮ።»

«ኧረ አልጠፋም።»

ማዳመጫውን ተቀብሎ ሰማ። ምንም የለም፤ ያ ጥርት ያለ ዝምታ ነው። መልሶ ሰጣት። አሁንስ አላት። ያው ነው፣ ቀጭን ነው፣ እንደ ትንኝ፣ ግን አለ አለችው። ማዞሪያውን በአንድ ነጥብ ዞር ሲያደርገው ጨመረ አለች፤ በሌላ በኩል ሲያደርገው ቀነሰ አለች። ለእሱ ሁሉም አንድ ነበር። ጋሽ አይነካ እጁን ከማዞሪያው ላይ አነሳ። ቴሌቪዥኑ ትዝ አለው። ልጁ ስትደውል የሚጠፋው ኔትወርክ ትዝ አለው። ለካ ማሽኑ ፉጨቱን አላቋረጠም፤ የተኛው የእሱ ጆሮ ነው። በሩን ቆልፎ ብቻውን ስለሚሠራ ደግሞ ይህን የሚነግረው ሰው አጠገቡ አልነበረም።

ሚስቱ ለሃያ ስምንት ዓመት የተሟገተችበት ነገር ተፈርዶላታል። ሌላ ቀን ቢሆን ጎረቤት ሁሉ ይሰማ ነበር። ያን ቀን ግን ፊቱን አየችና ክሷን ተወችው። ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«በል አንተ አዙር፣ እኔ ልስማልህ» አለችው።

አመሉ አይለቅምና፣ መጀመሪያ ደረቷ ላይ የሰካቻቸውን ስፒሎች በሙሉ አስነቀላት። ከዚያ ጀመሩ። ቀነሰ፣ ቀነሰ፣ ኧረ ጨመረ ተመለስ፣ ቀስ በል፣ ቀስ፣ ጠፋ። ዜሮ ነጥብ አራት ዘጠኝ ዘጠኝ ስድስት። ቁጥሩን አልነገራትም። ማዞሪያዎቹን በታትኖ ከሀ ጀመረ። ጠፋ ስትለው አነበበ፤ አራት ዘጠኝ ዘጠኝ ስድስት። ሦስተኛ፤ አራት ዘጠኝ ዘጠኝ ሰባት። አራተኛ፤ አራት ዘጠኝ ዘጠኝ ስድስት። ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ በመዳፉ ጠረገው። ብሪጁ ደህና ነበር። ሳምንቱን ሙሉ የጮኸበት ሁሉ ደህና ነበር።

የቀረው ቅጹ ነው። ግርጌው ላይ ለክቶ ያዳመጠው ባለሙያ ፊርማ የሚል መስመር አለ። እሷ ፈርምና ላከው፣ እኔ ለማንም ትንፍሽ አልልም አለችው። ብዕሩን አነሳ፣ መልሶ አስቀመጠ። ይሄማ እኔ የሰማሁት አይደለም አላት። ግትርነቱን ስለምታውቅ አልተከራከረችም፤ በዚያ ላይ ደንበኛው ትዝ አላት። ቁልፏን ከመሳቢያው አውጥታ፣ ቀበቶህን እሰር ብላው ሄደች።

ቀበቶውን አስሮ ፎቅ ወጣ። የኃላፊዋን ቢሮ በር ከኋላው ዘግቶ ቆሞ ነገራት፤ አንድም ሳያስቀር። ሲጨርስ የመለኪያ ክፍሉን ቁልፍ ጠረጴዛዋ ላይ አኖረ። ጆሮዬ ከድቶኛል፣ ብሪጁን ግን እንዳትወቅሱት አለ።

ኃላፊዋ ቁልፉን አልነካችውም። ልጅ ሳለች ታማ አንድ ጆሮዋ አይሰማም፣ ሁለተኛውም ደካማ ነው፤ ይህን ከሚያውቁት ጥቂት ሰዎች አንዱ እሱ ነው። ተማሪ ሳለች በመጀመሪያው ፈተና ፉጨቱን መለየት አቅቷት እዚያችው ምድር ቤት ስታለቅስ አግኝቷት ነበር። አሁን ፈገግ አለች።

«ጋሼ፣ ወደ ግራ ያዙሩ፣ እስኪሰማዎ። ይጻፉ። ወደ ቀኝ ያዙሩ፣ እስኪሰማዎ። ይጻፉ። መሃሉን ይውሰዱ» አለችው።

«እሱማ የሰነፍ ጆሮ ዘዴ ነው።»

«ስሙን ያወጡለት እርስዎ ነዎት። እኔ ግን ከክፍሉ አንደኛ የወጣሁት በሱ ነው።»

ጋሽ አይነካ ኩም አለ፤ ቀጥሎ ሳቀ። እሷም ሳቀች። ቁልፉን አንስቶ ወረደ።

ከዚያ ሰዓት ጀምሮ እንደ አንደኛ ዓመት ተማሪ ሠራ። ወደ ግራ ሲያዞር ፉጨቱ ለጆሮው የሚደርሰው ሩቅ ሄዶ ነው፤ ወደ ቀኝም እንዲሁ። በመካከሉ ያለው ዝምታ ስፋቱን ሲያይ አፈረ፤ በዚያ ሁሉ ሜዳ ውስጥ ነበር ሳምንቱን እጁ በጣለው ቦታ እየቆመ ቁጥር ሲያነብ የሰነበተው። ዓርብ ጠዋትም ገብቶ ቀጠለ። አሥር ጊዜ ግራ፣ አሥር ጊዜ ቀኝ፣ አሥር ጊዜ መሃል። አሥሩን ደምሮ ለአሥር አካፈለ። ዜሮ ነጥብ አራት ዘጠኝ ዘጠኝ ስድስት ሆነ። ቅጹም ደብተሩም ላይ የራሱን ቁጥር ጻፈና ፈረመ። ደብተሩ ላይ ከሥሩ ደግሞ «ለማነጻጸሪያ ያዳመጠች፦ ባለቤቴ፣ ልብስ ሰፊ» ብሎ አከለ። ፖስታው ቀትር ሳይሆን ወጣ። የፅዳት ሠራተኛዋንም ይቅርታ ጠይቆ መጥረጊያዋን ራሱ አቀበላት።

በሳምንቱ ሚስቱ እጁን ይዛ ጆሮ ሐኪም ቤት ወሰደችው። አንዲት ወጣት ባለሙያ ጠባብ ክፍል ውስጥ አስቀምጣ ማዳመጫ ጆሮው ላይ አደረገችለት። ፉጨት ሲሰማዎ ይህን ይጫኑ አለችው። ሰው ሠላሳ ዓመት በሠራበት ሥራ ተመልሶ ራሱ ሲለካ እንዲህ ነው። ሁለት ጊዜ ከተጫነ በኋላ አላስቻለውም፤ ማዞሪያሽ በአምስት አምስት ነው የሚዘለው፣ ሻካራ ነው፣ እስቲ ልየው ብሎ እጁን ዘረጋ።

«አባባ፣ እሱ አይነካም» አለችው።

በመስታወቱ ማዶ ሚስቱ ይህን ስትሰማ ወንበር ይዛ እስክትቀመጥ ድረስ ሳቀች። ባለሙያዋ ጨርሳ ወጥታ፣ ቀስ በቀስ የመጣ ነው፣ ምናልባት ሦስት ዓመት ቢሆነው ነው፣ በማዳመጫ መሣሪያ ይስተካከላል አለቻቸው። ሚስቱ ሦስት የሚለውን ይዛ መንገዱን ሁሉ ስታሰላ መጣች። በራቸው ላይ ሲደርሱ ቆማ ዞረች።

«ሦስቱን ዓመት ምሬሃለሁ። ሃያ አምስቱንስ ምን ልበለው?» አለችው።

ጋሽ አይነካ ቁልፍ የሚፈልግ መስሎ ኪሱን ፈተሸ።

መልሱ ከመሥሪያ ቤቱ የመጣው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። እውነተኛው ቁጥር ዜሮ ነጥብ አራት ዘጠኝ ዘጠኝ ሰባት ነበር፤ የሳቱት በአንዲት ሽርፍራፊ ብቻ። ከአራቱ ላቦራቶሪዎች በጣም የቀረበው የእነሱ ነው። ኃላፊዋ ወረቀቱን ለአስተዳደር አሳይታ ስትመለስ የፎቶ ኮፒው ወሬ አብቅቶ ነበር። የምስክር ወረቀቱ ግድግዳ ላይ በሚሰቀልበት ቀን ልብስ ሰፊዋም እንድትመጣ አዘዘች፤ ደብተሩ ላይ ተጽፋለች ብላ።

መጣች፤ ራሷ የሰፋችውን አዲስ ቀሚስ ለብሳ። ኃላፊዋ፣ የፅዳት ሠራተኛዋና ጥቂት መምህራን በር በሩ ላይ ቆመዋል፤ ወደ ውስጥ ለመጠጋት የደፈረ የለም። እሷ ግን ገብታ ያችኑ ወንበር ሳበች፣ ተቀመጠች፣ ሁለት ክርኖቿን ጠረጴዛው ላይ፣ ብሪጁ አጠገብ አሳረፈች። የፅዳት ሠራተኛዋ ዓይኗን ጨፈነች። በሩ ላይ ያለው ሁሉ ያቺን ቃል ጠበቀ።

ያቺ ቃል ግን አልመጣችም። ጋሽ አይነካ ከጆሮው ኋላ ያለችውን አዲሷን ትንሽ መሣሪያ በጣቱ አስተካከለና ጎንበስ ብሎ፣ ለእሷ ብቻ እንዲሰማ አድርጎ ተናገረ።

«ሃያ አምስቱን ዓመት እሰማሽ ነበር» አላት። «ሁሉንም ሰምቼዋለሁ። ሲሊንደሩንም፣ አክስትሽንም። መልስ የሚፈልግ አይመስለኝም ነበር። ጥፋተኛ ነኝ።»

ወደ ፊቱ ቀና አለች። ሰውየው ያልለካውን ቁጥር እንደማይጽፍ ታውቃለች፤ ይህንንም ለክቶ ነው የተናገረው።

«እሱንማ ድሮም አውቀዋለሁ» አለችው። «ካፍህ እስክሰማው ነበር የጠበቅኩት።» ክርኖቿን ሳታነሳ እጁን ያዘችው። ቆይታ ደግሞ፣ ጠዋት ሲሊንደሩ ማለቁን ነግሬህ ነበር፣ ሰምተሃል ወይ አለችው። ሰምቻለሁ አላት፤ እዚያ ጥግ ያለው ምንድን ነው ብሎ በአገጩ አሳያት። ከበሩ ጀርባ፣ በብሪጁ የአቧራ ሽፋን ተከድኖ፣ ጠዋት ወደ ሥራ ሲመጣ ያስሞላው ሲሊንደር ቆሟል።